ፕሮግራም ሲከሽፍ የሚናገረው ቃል አስቀድሞ ይታሰብበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁን ዘወትር ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ ነኝ። ዓምዱ አዳዲስ ፕሮግራሞችን ሲገመግም ስለ ፍጥነታቸው፣ ስለ ገጽታቸውና መረጃን ስለሚጠብቁበት መንገድ በሰፊው ይተነትናል፤ ፕሮግራሙ ሥራውን መፈጸም ሲያቅተው ለተጠቃሚው ምን እንደሚለው ግን ተነሥቶ አላየሁም። እኔ በሙያዬ ፕሮግራም የምጽፍ፣ የሌሎችንም ኮድ የምመረምር ሰው ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ዝምታ ነው። ማስረዳት የምፈልገው ነገር አንድ ነው፦ የፕሮግራም ውድቀት እንደ ውጤቱ ሁሉ የራሱ ዓይነት (በፕሮግራም ቋንቋ «ታይፕ» የሚባለው፣ አንድ መረጃ ምን እንደሆነና ምን እንደሚይዝ የሚወስን መልክ) ተበጅቶለት፣ አስፈላጊውን መረጃ ይዞ ከተፈጠረበት ቦታ ወደ ላይ መጓዝ አለበት፤ ሰው የሚያነበው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከዚያ መረጃ ተነሥቶ ፕሮግራሙ ለተጠቃሚው በሚናገርበት መውጫ ላይ፣ በአንድ ቦታ ብቻ መጻፍ አለበት።

ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ግን እንዲህ አይደለም። ከታች ያለ ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ አንድ ነገር ሲያቅተው የኮዱ ጸሐፊ በዚያች ቅጽበት የመጣለትን ዓረፍተ ነገር እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ጠሪው፣ ማለትም ሥራውን ወዳዘዘው ኮድ፣ ይልካል፤ ጠሪው ከፊቱ ሌላ ሐረግ ይቀጥልበታል፤ ከዚያ በላይ ያለው «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ይጨምርበታል። በመጨረሻ ተጠቃሚው ፊት የሚቀርበው «ስህተት» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ የሚደጋግም፣ ሆኖም የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር፣ የትኛው ዋጋ ችግር እንደፈጠረ የማይናገር ረጅም ጽሑፍ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይዝ ይተወውና ፕሮግራሙ ሲወድቅ የጥሪዎቹን ዝርዝር፣ ማለትም ስታክ ትሬስ የሚባለውን፣ እንዳለ ያፈሰዋል። ይህ ዝርዝር ለፕሮግራሙ ጸሐፊ ውድ መረጃ ነው፤ ፕሮግራሙን ለሥራው ብቻ ለሚጠቀምበት ሰው ግን አንድም የሚጨብጠው ነገር አይሰጠውም፤ ራሱ አንድ ነገር ያበላሸ እየመሰለውም ይደነግጣል።

ችግሩ ሥር የሰደደ ነው። ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የስርዓተ ክወናው (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ) ጥሪዎች ሲከሽፉ «ኤርኖ» በተባለ ተለዋዋጭ ውስጥ አንድ ቁጥር ትተው ይመለሳሉ፤ በዩኒክስና በሊነክስ ላይ ቁጥሩ 2 ከሆነ የተፈለገው ፋይል ወይም ማውጫ የለም ማለት ነው። ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ፋንክሽን የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ስለሆነ የጠፋው ፋይል ስም በመልእክቱ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ስሙን የሚያውቀው ፋይሉን ለመክፈት የሞከረው ኮድ ነው፤ እርሱ በዚያው ሰዓት ከስህተቱ ጋር ካላያያዘው ከበላዩ ያለ ማንም መልሶ ሊያገኘው አይችልም። የራስን የስህተት ዓይነት ማበጀት የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ መረጃው በሚታወቅበት ቦታና መልእክቱ በሚጻፍበት ቦታ መካከል ርቀት አለ፣ በዚያ ርቀት መረጃው እንዳይጠፋ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። አንድ የሰርቨር ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር አሠራሩን የሚወስኑ ምርጫዎች የተጻፉበትን የቅንብር ፋይል ያነባል እንበል። ይህ ንባብ የሚከሽፍባቸው መንገዶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው፤ ፋይሉ ላይኖር ይችላል፤ ፋይሉ ኖሮ የማንበብ ፈቃድ ላይኖር ይችላል፤ አንዱ መስመር ፕሮግራሙ በሚረዳው መልክ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ወይም መስመሩ በደንብ ተጽፎ ሳለ ዋጋው ከሚፈቀደው ወሰን ያልፋል። ጠንቃቃ ጸሐፊ «የቅንብር ስህተት» የሚባል አንድ ዓይነት ያበጅና እነዚህን አራቱን በሥሩ ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል፤ ለእያንዳንዱም የሚያስፈልገውን መረጃ ያስይዘዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ይይዛሉ፤ ሦስተኛው የመስመሩን ቁጥርና በዚያ የተገኘውን ጽሑፍ ይጨምራል፤ አራተኛው ደግሞ የቅንብሩን ስም፣ የተሰጠውን ዋጋ፣ የሚፈቀደውንም ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ይይዛል። ይህ ከተደረገ በኋላ መልእክቱን መጻፍ አስቸጋሪ አይሆንም፦ «በቅንብር ፋይሉ 14ኛ መስመር ላይ የፖርት ቁጥር 70000 ተብሎ ተሰጥቷል፤ ቁጥሩ ከ1 እስከ 65535 ባለው ውስጥ መሆን አለበት።» የፖርት ቁጥር፣ ማለትም ፕሮግራሙ በኔትወርክ ላይ ግንኙነት የሚቀበልበት መለያ ቁጥር፣ በ16 ቢት ስለሚያዝ ከ65535 ሊበልጥ እንደማይችል ተጠቃሚው አስቀድሞ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ መልእክቱ ነግሮታል። ፋይሉን ከፍቶ፣ 14ኛው መስመር ላይ ደርሶ፣ ቁጥሩን አርሞ ወደ ሥራው ይመለሳል። «ልክ ያልሆነ ቅንብር» የሚል ቃል ብቻ የተሰጠው ሰው ግን ፋይሉን ከላይ እስከ ታች እየፈተሸ የማያውቀውን ነገር ሲፈልግ ይውላል።

የስህተት ዓይነት ሁለት አንባቢዎች አሉት፤ አንዱ ሰው ነው፤ ሌላው ስህተቱን የሚቀበለው ኮድ ነው። ጠሪው ኮድ ፋይሉ ከሌለ አዲስ ሊፈጥር፣ ፈቃድ ከተከለከለ ግን ሥራውን ሊያቆም ይፈልግ ይሆናል። ይህን ለመለየት የመልእክቱን ፊደላት እያነበበ በውስጡ «የለም» የሚል ቃል መኖሩን ለመፈለግ ከተገደደ፣ ለሰው የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ማንም ሳያስበው ፕሮግራሞች የሚተማመኑበት ውል ሆኗል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው የፊደል ግድፈት ቢያርም በሌላ ቦታ ያለ ኮድ ይሰበራል። የታወቁ የፕሮግራም ቋንቋዎችም ይህን ጉድለት ለማረም ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። በፓይተን ፋይል ሲጠፋም ሆነ ፈቃድ ሲከለከል የሚመጣው ስህተት በአንድ የጋራ ስም ይጠራ ስለነበር ጠሪው የስርዓተ ክወናውን ቁጥር ራሱ እያወጣ ማነጻጸር ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 3.3 እትም ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዓይነት ሰጣቸው። «ጎ» በተባለው ቋንቋ ደግሞ ስህተት ማለት ጽሑፍ የሚመልስ አንድ ዘዴ ያለው ማንኛውም ነገር ነው፤ ስህተትን በተጨማሪ ጽሑፍ መጠቅለል የመጀመሪያውን ማንነት ያጠፋው ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው 1.13 እትም ጥቅልሉን ፈትተው የውስጡን ስህተት በማንነቱ ወይም በዓይነቱ የሚፈልጉ ፋንክሽኖችን ጨመረ።

ውድቀትን ከውጤት አለመለየት ምን ድረስ እንደሚያደርስ ከአሪያን 5 ሮኬት የመጀመሪያ በረራ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የሮኬቱን ዋና ሞተር የማቀጣጠል ሂደት ከተጀመረ ከ37 ሰከንድ ገደማ በኋላ የአቅጣጫ መለኪያ ኮምፒውተሩ በ64 ቢት የተያዘ አንድ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሊለውጥ ሲሞክር ቁጥሩ ከተመደበለት ቦታ በላይ ሆነበትና ሥራውን አቆመ፤ መጠባበቂያውም በዚያው ምክንያት ከእርሱ ጥቂት ቀድሞ ቆሞ ነበር። ስለ አደጋው ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ይህ የቁጥር ለውጥ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። የቆመው መለኪያ የብልሽቱን የምርመራ መረጃ የበረራ ልኬት በሚልክበት በዚያው መስመር ላከው፤ ዋናው ኮምፒውተርም እነዚያን ቢቶች እንደ እውነተኛ ልኬት አንብቦ የሞተሮቹ አፈሙዝ እስከ ጥግ እንዲታጠፍ አዘዘ፤ ሮኬቱ ከመንገዱ ወጥቶ ተሰባበረ። ተቀባዩ የደረሰው ነገር ልኬት ይሁን የውድቀት ዜና የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ በሩስት ቋንቋ ሊከሽፍ የሚችል ፋንክሽን የሚመልሰው «ሪዘልት» የተባለ ዓይነት ነው፤ በውስጡ ውጤት አለ ወይም ስህተት አለ፤ ጸሐፊው የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቅ ውጤቱን ወስዶ እንዲሠራበት ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አይፈቅድለትም። ስህተቱ የራሱ ዓይነት ሲኖረው የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ጥበቃ ነው እላለሁ።

ዓይነቶቹን እንዴት እንከፋፍላቸው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ማሰብን ይፈልጋል። አንዳንዱ ለፕሮግራሙ በሙሉ አንድ ዓይነት ብቻ አድርጎ ያለውን ሁሉ ያጭቅበታል፤ ሌላው ለእያንዳንዱ ፋንክሽን አንድ እየፈጠረ ማንም የማይዘልቀው ዝርዝር ያከማቻል። በእኔ እምነት መለኪያው ስህተቱ የተፈጠረበት ቦታ ሊሆን አይገባም፤ ስህተቱን የተቀበለው ወገን ቀጥሎ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ነው መሆን ያለበት። ቆይቶ እንደገና መሞከር የሚያዋጣ ከሆነ አንድ ነው፤ ተጠቃሚው የሰጠውን መረጃ ማረም ካለበት ሌላ ነው፤ ፈቃድ መጠየቅ ካለበት እንዲሁ። ሁለት ውድቀቶች ለተቀባዩ አንድ ዓይነት እርምጃ ብቻ የሚተዉለት ከሆነ፣ በኮዱ ውስጥ ቦታቸው ቢራራቅም እንኳ፣ ሁለት ዓይነት እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር የለም። የጸሐፊው የራሱ ግድፈት፣ ለምሳሌ ከዝርዝር ወሰን ውጭ ማንበብ፣ ከእነዚህ ጋር ባይቀላቀል እመርጣለሁ፤ ተጠቃሚው ሊያርመው የሚችለው ነገር ስላልሆነ እንደ ግድፈት በግልጽ ወድቆ ጸሐፊው ጋ መድረስ አለበት። የጃቫ ልምድም እዚህ ላይ ያስተምራል፤ ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ጀምሮ ጠሪው አንዳንድ ስህተቶችን የግድ እንዲይዝ ወይም ወደ ላይ እንደሚያሳልፍ እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር፤ ሐሳቡ መልካም ሳለ ግዴታው የበዛባቸው ብዙ ጸሐፊዎች ስህተቱን ይዘው ምንም ሳያደርጉ የሚያልፍ ባዶ ኮድ መጻፍን ለመዱ። ስህተትን እንዲህ መዋጥ መጥፎ መልእክት ከመጻፍ ይከፋል፤ ፕሮግራሙ የከሸፈውን ነገር እንደተሳካ አድርጎ ይቀጥላልና።

የውድቀቶችን የክብደት ደረጃ አለመለየት ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰበትም ጊዜ አለ። ቴራክ 25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚታወቁ ስድስት አደጋዎች ለታካሚዎች ከታዘዘው እጅግ የበዛ ጨረር ሰጥቷል፤ ከእነርሱም ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። ዋነኞቹ ምክንያቶች በሶፍትዌሩ ውስጥ ሥራዎች እርስ በርስ የሚቀዳደሙበት ግድፈትና በቀደሙት መሣሪያዎች ላይ የነበረው የሃርድዌር መከላከያ መነሣቱ ነበሩ፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ሆኖም በሁለቱ አደጋዎች በመሣሪያው ስክሪን ላይ የወጣው «ማልፈንክሽን 54» የሚል ቃልና ቁጥር ብቻ ነበር፤ መመሪያውም ለሠራተኛው የሚረዳ ማብራሪያ አልነበረውም። መሣሪያው ቀላል ለሆኑ እንቅፋቶችም እንዲህ ያሉ መልእክቶችን ደጋግሞ ስለሚያወጣ ሠራተኞች አንድ ቁልፍ ተጭነው መቀጠልን ለምደው ነበር። ቀላሉና አስጊው ውድቀት በአንድ መልክ ሲቀርብ ተቀባዩ ሁለቱን እኩል ቢያያቸው ጥፋቱ የተቀባዩ አይደለም።

ወደ ኮዱ ልመለስ። ስህተት ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲያልፍ የታችኛው መንሥኤ በላይኛው ውስጥ እንዳለ መቀመጥ አለበት። ጃቫ ይህን እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው 1.4 እትም፣ ፓይተንም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው 3.0 እትም ወደ ቋንቋው አስገብተውታል፤ በሩስትም ስህተት መንሥኤውን ሲጠየቅ የሚመልስበት ዘዴ አለው። ታዲያ እያንዳንዱ ደረጃ መናገር ያለበት ራሱ ሊሠራው የሞከረውን ብቻ ነው። «ቅንብሩን መጫን አልተቻለም» ማለት የላይኛው ድርሻ ነው፤ «ፋይሉ የለም» ማለት የታችኛው። የላይኛው በራሱ መልእክት ውስጥ የታችኛውን ጽሑፍ ከጨመረ፣ በመውጫው ላይ ሰንሰለቱን ከላይ እስከ ታች የሚያትመው ኮድ ያንኑ ነገር እንደገና ያትመዋል፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ድግግሞሽ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ስለዚህ መንሥኤው ወይ በመልእክቱ ውስጥ ይጻፍ፣ ወይ በመንሥኤነት ለብቻው ይመለስ፤ ሁለቱም አንድ ላይ አይሁኑ። በሩስት ጸሐፊዎች ዘንድ መልእክቱ መጨረሻው ላይ ሥርዓተ ነጥብ ሳይጨመርበት የሚጻፈውም በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ሊነበብ ስለሚችል ነው።

በመውጫው ላይ የሚሠራውም ስህተት ብዙ ነው። ሩስት ለአንድ ነገር ሁለት የአቀራረብ መንገድ አለው፤ «ዲስፕሌይ» የሚባለው ለተጠቃሚው፣ «ዲበግ» የሚባለው ለጸሐፊው ነው። ዋናው ፋንክሽን ስህተቱን በቀጥታ ከመለሰ ቋንቋው የሚያትመው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ዓይነቶቹን በጥንቃቄ ያበጀ፣ መልእክቶቹንም አሳምሮ የጻፈ ሰው በመጨረሻው እርምጃ የኮዱን የውስጥ ስሞችና ቅንፎች ለተጠቃሚው ሲያሳይ ይገኛል፤ በምመረምራቸው ኮዶች ውስጥ ይህን በተደጋጋሚ አያለሁ፣ ባየሁ ቁጥርም ያ ሁሉ ድካም ከንቱ መቅረቱ ያሳዝነኛል። መፍትሔው አጭር ነው። ሥራውን ሁሉ የሚሠራ አንድ ፋንክሽን ይኑር፤ ዋናው ፋንክሽን እርሱን ጠርቶ ስህተት ከመጣ መልእክቱን ያዘጋጅ፣ ለስህተት በተለየው የውጤት መስመር ላይ ያውጣ፣ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ለስርዓተ ክወናው የሚተወውን ተገቢ የመውጫ ቁጥርም ይመልስ። ለስህተት የተለየው መስመር የሚያስፈልገው ፕሮግራሙ የሚያወጣውን መረጃ ሌላ ፕሮግራም ሲቀበል የስህተቱ ቃል ከመረጃው ጋር እንዳይቀላቀል ነው። የመውጫ ቁጥሩም የዓይነቱ ነጸብራቅ ነው፤ 0 መሳካትን ያመለክታል፤ ቢኤስዲ ከተባለው የዩኒክስ ዝርያ በተወረሰው ልማድ ደግሞ 64 ትእዛዙ በተሳሳተ መንገድ መሰጠቱን፣ 75 ጊዜያዊ መሆኑንና ቆይቶ መሞከር እንደሚያዋጣ፣ 78 ቅንብሩ ላይ ችግር መኖሩን ይናገራል።

መልእክቱን በመውጫው ላይ ብቻ መጻፍ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች የሚሰጠው ሌላም ጥቅም አለ። ብዙ ፕሮግራሞች መልእክታቸውን የሚሠሩት ቁርጥራጭ ሐረጎችን በመቀጣጠል ነው፤ በመጀመሪያ «መክፈት አልተቻለም» የሚለው፣ ቀጥሎ የፋይሉ ስም፣ ከዚያ ምክንያቱ። ግሥ በመጨረሻ በሚመጣበት ቋንቋ ይህ ቅጥልጥል ቃላቱ አማርኛ ሆነው ሳለ አማርኛ የማይሆን ነገር ያወጣል፤ ምክንያቱ ከግሡ በፊት መግባት ሲገባው ከአራት ነጥቡ በኋላ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የስህተቱ ዓይነት የፋይሉን ስምና ምክንያቱን ለየብቻ ከያዘ ግን እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ሥርዓት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊሠራለት ይችላል፤ ከታች ባለው ኮድ ላይ አንዲት ፊደል መለወጥ አያስፈልግም።

ግልጽነት ሁሉን መዘርገፍ አለመሆኑንም መናገር አለብኝ። የይለፍ ቃል፣ የዳታቤዝ አድራሻና የሌላ ሰው መረጃ በስህተት መልእክት በኩል ሲወጡ ይታያል፤ ይህ በታወቁ የደህንነት ድክመቶች መዝገብ ውስጥ በቁጥር 209 የተመዘገበ ድክመት ነው። የራስ ዓይነት እዚህም ይረዳል፤ ሙሉ ዝርዝሩ ሎግ ወደሚባለው የፕሮግራሙ የክንውን መዝገብ ይሄዳል፣ ተጠቃሚው ደግሞ የሚመለከተውን ብቻና ለእርዳታ ሲደውል የሚጠቅሰውን መለያ ያገኛል። በድረ ገጽ አገልግሎቶች መካከል ለሚደረግ ልውውጥም ተመሳሳይ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2016 በደንብነት ወጥቶ በ2023 አርኤፍሲ 9457 በተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ተሻሽሏል፤ የችግሩን ዓይነት፣ አጭር ርእሱን፣ የሁኔታ ቁጥሩን፣ ዝርዝሩንና የዚያን ክስተት መለያ ለየብቻ ያስቀምጣል። አዲስ አገልግሎት የሚሠሩ ሰዎች የራሳቸውን መልክ ከመፍጠራቸው በፊት ይህን እንዲያነቡት እመክራለሁ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ፤ ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ለአንድ ጊዜ ሥራ የተጻፈና ጸሐፊው ራሱ ብቻ የሚያሠራው ኮድ በስታክ ትሬስ ቢወድቅ አልከራከርም። ሌሎች የሚገለገሉበት ፕሮግራም ግን ከዚህ የተለየ ነው። ደግሞም ድካሙ እንደሚፈራው አይደለም፤ በሩስት «ዚስኤረር» የተባለው ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የቀረበ ኮድ፣ ዓይነቶቹን ለማበጀት የሚጻፈውን ተደጋጋሚ ኮድ ያስቀራል፤ የእያንዳንዱን ስህተት ዓይነት መለየት ለማያስፈልገው የላይኛው የፕሮግራም ክፍል ደግሞ «ኤኒሃው» የተባለ ሌላ ላይብረሪ አለ። የስህተት ዓይነት ካለ ውድቀቱን መፈተንም ይቻላል፤ 14ኛው መስመሩ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፋይል ለፕሮግራሙ ተሰጥቶ የተመለሰው ስህተት 14 የሚለውን ቁጥር በትክክል መያዙ ይረጋገጣል። ውድቀት ዓይነት በሌለው ፕሮግራም ውስጥ እንዲህ ያለ ፈተና ከጽሑፍ ጋር ጽሑፍን ማነጻጸር ብቻ ስለሚሆን ጸሐፊው ቃሉን ባሻሻለ ቁጥር ይሰበራል፤ ብዙዎችም ፈተናውን እስከ ጭራሹ ይተዉታል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ዓምዳችሁ ከእንግዲህ አንድን ፕሮግራም ሲገመግም ገምጋሚው የኔትወርክ ግንኙነቱን አቋርጦ፣ የሚያስፈልገውን ፋይል አንሥቶ፣ በቁጥር ቦታ ፊደል አስገብቶ ይሞክረውና ፕሮግራሙ የመለሰለትን ቃል እንዳለ ያትምልን። የፕሮግራሙ ጸሐፊዎችም ያን ቃል በጋዜጣ ላይ ያነቡታል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የፕሮግራም ጸሐፊ